ኬሚስትሪ ተምሬ ሶፍትዌር ውስጥ ልግባ ወይ?

«ኬሚስትሪ በዲግሪ ጨርሻለሁ። የብረት ካታሊስቶችን ቅርጽ በኮምፒውተር ማየት በጣም ይስበኛል፣ ግን ኮድ መጻፍ አልችልም። አምስት ሶፍትዌር ጭኛለሁ፣ አንዱንም በቅጡ አላውቀውም። ሥራ አገኝበታለሁ ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?» ብለሽኛል።

እያባከንሽ አይደለም። ከአምስቱ ሶፍትዌር አራቱን ግን ለጊዜው እርሺያቸው።

ካታሊስት ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። በአንቺ ካታሊስቶች ብረቱ መሃል ተቀምጧል፣ ሊጋንዶቹ (ከብረቱ ጋር የተያያዙት ሞለኪውሎች) ከበውታል። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሊጋንዱ ስንት ቦታ እንደያዘና ለሚመጣው ሞለኪውል በየት በኩል መግቢያ እንደተረፈ ነው። ኬሚስቱ ቶልማን በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በኮን ማዕዘን (ጫፉ ብረቱ ጋ ሆኖ ሊጋንዱን በሚከብ ኮን ስፋት) ለክቶታል፤ ትራይፌኒልፎስፊን የሚባለው ሊጋንድ 145 ዲግሪ፣ ትራይ-ተርት-ቡቲልፎስፊን 182 ዲግሪ። ቁጥሩ ዛሬም ይሠራል፣ ግን የትኛው ጎን እንደተዘጋ አይነግርሽም።

ስለዚህ ሳምቪካ በሚባለው ሶፍትዌር ጀምሪ። የሉዊጂ ካቫሎ ቡድን የሠራው ነው፣ ነጻ ነው፣ በብራውዘር ይሠራል፣ ኮድ የሚባል ነገር አይጠይቅሽም። የአተሞቹን አቀማመጥ የያዘ ፋይል ትሰጪዋለሽ፤ እሱ ብረቱን መሃል አድርጎ አብዛኛውን ጊዜ 3.5 አንግስትሮም ራዲየስ ያለው ኳስ ያስቀምጥና ሊጋንዱ የኳሱን ስንት በመቶ እንደሞላ አስልቶ ኮረብታና ሸለቆ ያለው የሚመስል ባለ ቀለም ካርታ ያወጣልሻል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንዴ አንዲት ልጅ ለኢንተርቪው ስትዘጋጅ አብሬያት ቁጭ ብዬ ነበር። ካርታዋ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። «ዜድ አክሲሱን (ካርታው የሚታይበትን አቅጣጫ) በየት በኩል አደረግሽው?» አልኳት። ዝም። አክሲሱን የሚወስኑትን አተሞች የመረጠችው ሌላ ሰው ሲመርጥ አይታ ነው። አክሲሱ ሲቀየር ጠቅላላው በመቶኛ ንቅንቅ አይልም፣ ካርታው የሚከፈልባቸው የአራቱ ሩቦች ቁጥሮች ግን ይለወጣሉ፣ ኮረብታውም ሌላ ጥግ ይገኛል። ቀጣሪ የሚይዝሽ እዚህ ጋ ነው፤ ቀለሙ ማንንም አያስደንቅም።

ደግሞ ሊጋንድ ድንጋይ አይደለም፣ ይሽከረከራል። የክሪስታል ፋይል የሚያሳይሽ አንዱን አቋሙን ብቻ ነው። ሌሎቹን ለማግኘት ክሬስት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ስትለምጂ ደግሞ ሞርፊየስ የሚባል ፕሮግራም ብዙ ሊጋንድ ባንዴ ያስላልሻል። ለአሁኑ ይቆዩ። (የሚስብሽ የናኖ ቅንጣት ገጽታ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፣ ኦቪቶ የሚባለውን ፕሮግራም ሞክሪ።)

አሁን ይህን ሥሪ። ሁለት ሊጋንዶችን ያወዳደረ አንድ የታተመ ጥናት ፈልጊ። የሁለቱንም ካርታ በአንድ አክሲስ፣ በአንድ የኳስ መጠን፣ በአንድ የቀለም ስኬል አውጪ። ከዚያ ግማሽ ገጽ ጻፊ፤ በሩ የት ተዘጋ፣ ጥናቱ ካገኘው ምርት ጋር ይገጥማል ወይ? ካልገጠመም እንዳትደብቂው። የሊጋንዱ ኤሌክትሮን የመስጠት አቅም ጣልቃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ያንን መጠርጠርሽ ራሱ ያስቀጥርሻል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ «የካታሊስት ካርታ ሠሪ» የሚል ማስታወቂያ ጠብቀሽ አታገኚም። «ኮምፒውቴሽናል ኬሚስትሪ» እና «ኬሞኢንፎርማቲክስ» እያልሽ ፈልጊ፣ የማስተርስ ቦታም አትናቂ። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ያቺን ግማሽ ገጽ አያይዢ፤ ረጅም ሲቪ የሚያነብ የለም።

ስትጨርሺ ለእኔም ላኪልኝ። መጀመሪያ የምጠይቅሽን ታውቂዋለሽ።