ጣሪያ ያለው ስታዲየም የድራም ኮርን ሙዚቃ ይለውጠዋል?

«የድራም ኮር (ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ የሚጫወቱ የጥሩምባና የከበሮ ቡድኖች) ውድድር ጣሪያ ስር ከገባ ወዲህ የሙዚቃው አጻጻፍ ተቀይሯል ወይ?» ላልከው፣ በደንብ እንጂ! የዲሲአይ (ውድድሩን የሚያዘጋጀው ድርጅት) ፍጻሜ በፈረንጆቹ ከ2009 ወዲህ ቤቱ አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው።

ዋናው ጣጣ የገደል ማሚቶው ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 85 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ነጥሮ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ይህ ልክ የአንድ ምት ያህል ነው! ፊት የቆመ ጥሩምባ ነፊ ነጥሮ የመጣውን ድምፅ ከተከተለ አለቀለት፤ ጆሮውን ከኋላው ላሉት ከበሮዎች መስጠት አለበት። የስኔሮቹ (ስል ድምፅ ያላቸው ትንንሽ ከበሮዎች) ፈጣን ምትም እርስ በርሱ ይደባለቃል፤ ስለዚህ ጥራት በሚፈለግበት ቦታ ኖታ መቀነስ ያዋጣል።

ጸጋም አለው። ትልቅ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) ተነፍቶ በድንገት ሲቆም ድምፁ ጣሪያው ስር ተንሳፍፎ ይቆያል። እኔ ከሁሉ የምወደው ያቺን ቅጽበት ነው፤ በክፍት ሜዳ አትገኝም።

ለትርኢቱ ደግሞ ነፋስና ዝናብ የለም፤ ረጃጅም ቁሳቁስና ስስ ጨርቅ እንደልብ ይቆማል። ግን ቡድኖቹ ሐምሌን የሚዞሩት በአብዛኛው ክፍት ስታዲየሞችን ስለሆነ፣ ያው ቁሳቁስ ነፋሱንም መቻል አለበት።