ድሬ እየሠራሽ ሐረማያ ማስተርስ ለመማር ላሰብሽው እህት

ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ድሬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው፤ ሥራዬን ሳልለቅ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ብጀምር ይሆናል ወይ? በኋላስ ሥራ ላይ ይጠቅመኛል?» ነው ያልሽው። እኔም እንዳንቺው ከድሬ እየተመላለስኩ፣ በመንግሥት ደሞዝ ነው የጨረስኩት። ስለ መግቢያ ፈተናውና ስለ ማመልከቻው ሌሎቹ ነግረውሻል፤ እሱን አልደግምም።

1. ኦፊሻልሽን ከአሁኑ አስጨርሺ። የመጀመሪያ ዲግሪሽ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ካልተላከ ምዝገባው አይሟላም። ሬጅስትራሩ ደግሞ የወጪ መጋራቱን፣ ማለትም መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪሽ ካወጣው የአንቺን ድርሻ፣ ስለመክፈልሽ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ማስረጃ ይጠይቅሻል። «እኔማ በየወሩ ከደሞዜ ይቆረጣል» ትያለሽ አይደል? ከኔም ይቆረጥ ነበር። ገቢዎች ሄጄ ፋይሌ ሲከፈት ግን በስሜ የገባው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የቀረው የለም!

መጀመሪያ እሠራበት የነበረው ቢሮ ፋይናንስ ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ላይ ቀና እንኳ ሳይል «እኛ ልከናል፣ እነሱን ጠይቅ» አለኝ። ገቢዎች ስመለስ «አልደረሰንም»። እንደገና ፋይናንስ፤ «ነገ ና»። ከሰዓት ልሂድ ብትይ የበርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው፣ ወንበሩ ባዶ ነው። አቦ፣ ያቺን ቢሮ ሳስባት አሁንም ደሜ ይፈላል። ወጪ መጋራት እኮ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ትናንት የመጣ አይደለም።

በመጨረሻ አለቃ ዘንድ ገብቼ፣ የድሮውን ፔሮል (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) ከመዝገብ ቤት በደብዳቤ አስወጣሁ። ስሜ አጠገብ የተቆረጠው ብር በየወሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ኮፒ አድርጌ ማኅተም አስመታሁና «አሁን የባንክ ደረሰኙን አምጡ» አልኳቸው። ተገኘ። ለካ ገንዘቡን በጥቅል ሲያስገቡ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር አላያያዙም! የኔ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰው ነው የተስተካከለው፤ እኔ ባልጮህ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን የለም። የዚያ ዓመት ምዝገባ አለፈኝ፣ አብረውኝ ሊማሩ ያሰቡት ቀድመውኝ ገቡ። ስለዚህ በፔሮልሽ አትተማመኚ፤ ገቢዎች ሄደሽ ፋይልሽን በዓይንሽ እዪ።

2. መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር አደርጋለሁ ካለ ውሉን ቤትሽ ወስደሽ አንብቢው። ስንት ዓመት ታገለግያለሽ? ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል? ብትለቂ ስንት ትከፍያለሽ? ዋስሽስ ማነው? ዋስ የሚሆንሽ ዘመድ ነውና እሱንም አስቢው። እኔ ከዚያ ሁሉ በኋላ የማንንም ውል አልፈርምም ብዬ ከኪሴ ከፈልኩ። ከብዶኝ ነበር፤ ግን ስጨርስ «አገልግለህ ውጣ» የሚለኝ አልነበረም።

3. መንገዱ። ሹራብ ያዢ፤ ደንገጎን ወጥተሽ ሐረማያ ስትደርሺ የድሬ ልብስ አያዋጣም። መንገዱስ ይለመዳል፤ የሚያስቸግረው አለቃ ነው። የኔ አለቃ ለፈተና ፈቃድ ስጠይቀው ለሠርግ የጠየቅኩት ይመስል ነበር የሚያየኝ፤ የዓመት ፈቃዴ በሙሉ በፈተና አለቀ። ኮርስ ላይ አትዘናጊ፣ አማካይ ውጤትሽ ከ3.00 በታች ከሆነ አትመረቂም። ለቴሲስሽ (ለመመረቂያ ጽሑፍሽ) ደግሞ መረጃው እጅሽ ላይ ያለ ርዕስ ምረጪ። እኔ ከራሴ የሥራ ዘርፍ ስለመረጥኩ በየወረዳው መጠይቅ ይዤ አልተንከራተትኩም። አማካሪሽ ብዙ ተማሪ ስላለበት ኢሜይል ልኮ መጠበቅ ዋጋ የለውም። በሩ ላይ ተቀመጪ።

ሥራውን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ዲግሪውን ስላመጣሽ ብቻ ደረጃሽ አይጨምርም፤ ክፍት መደብ ወጥቶ መወዳደር አለብሽ። ድሬ ያሉ ድርጅቶችና ፋብሪካዎች ከወረቀቱ በፊት ልምድሽን ነው የሚጠይቁት። ማስተርስ በደንብ የሚከፍተው የማስተማርን በር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ለመሆን የግድ ነው፤ ማስታወቂያቸው ላይ የቴሲስ ውጤት የሚጠይቁም አሉ። የግል ኮሌጆች በሰዓት ያስተምሩሻል፣ ለድጎማ ጥሩ ነው፤ ግን ክፍያው መቼ እንደሆነ ሳትጠይቂ አትጀምሪ። አንዱ ኮሌጅ የተማሪዎቹን ውጤት ካስገባሁ በኋላ ነው የከፈለኝ፣ እሱንም ተለምኖ። እኔ ግን አሁን ኑሮዬ በማስተማር ነው፣ የቢሮ ሥራዬንም ለቅቄያለሁ።

ያሰብሽው የጤና ትምህርት ከሆነ ግን እሱ ሐረር ካምፓስ ነው፤ አሠራሩን እዚያ የተማረ ሰው ይንገርሽ። የወጪ መጋራቱ ጣጣ ግን እዚያም ያው ነው።