ከመሄዳችሁ በፊት ክብራንን እዩ

ዘንድሮ አራት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ለምህንድስና ነበር። ሦስቱ ግን ውጭ ሄደው የአይሁድ ጥናት ማስተርስ ሊማሩ ለሚያመለክቱ ልጆች ናቸው። በእኔ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚያምረው ሰው በፋኖስ ተፈልጎም አይገኝም ነበር። እኔ ጀርመን ስሄድ ጎረቤቶቻችን እናቴን «ልጅሽ እስራኤል ሊገባ ነው አሉ» እያሉ ሲያደርቋት፣ መጨረሻ ላይ ደክሟት «አዎ» ማለት ጀምራ ነበር።

ለዚሁ ትምህርት የምታመለክቱ ልጆች፣ እናንተንም እንዲሁ ይሏችኋል። የአይሁድ ጥናት አይሁዳዊ ለመሆን የሚገባበት ትምህርት አይደለም፤ የቪዛ መንገድም አይደለም። የአንድ ሕዝብ ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሕግና መጻሕፍት የሚጠናበት ነው። ሃይድልበርግ እ.ኤ.አ. በ1979 ለዚሁ ብቻ የተቋቋመ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አለ፤ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ምንም የማያምነውም ይማርበታል። ኦክስፎርድ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሰጣል። ኢየሩሳሌም ያለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲም በእንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው ፕሮግራሞች አሉት። ሐምቡርግን የምታውቁት በኢትዮጵያ ጥናት ይሆናል፤ ዝለሉት ብዬ ግን አልመክርም። የእናንተ መግቢያ በር ግዕዝ ስለሆነ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

የመጀመሪያው ቀን የዕብራይስጥ ክፍል ስገባ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈረንጆቹ ተማሪዎች ግማሹን ቀድመው የሚያውቁት ይመስላሉ። መምህርቷ ፊደሉን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ታነብ ጀመር፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ። ሳቄ መጣ። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ዳዊት ስደግም፣ መዝሙር 118 ላይ በየስምንቱ ቁጥር ራስጌ በቀይ የተጻፉት እነዚሁ ናቸው! ያኔ የመላእክት ስም ይመስሉኝ ነበር። ለካ ሃያ ሁለቱንም የዕብራይስጥ ፊደላት ስም በቃሌ ይዣለሁ። «አበገደ» ብላችሁ የቆጠራችሁም እንደዚያው ናችሁ፤ ተራው ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ቃላቱ ራሳቸው ይመጡላችኋል። ቤት ያው ቤት ነው። ሰላም «ሻሎም» ነው። ምጽዋት ግን ቆም ያደርጋል። ዕብራይስጡ «ሚጽዋ» ትእዛዝ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ለድኻ የሚሰጥ ሆነ። ኦሪት፣ ታቦት፣ ጣዖት የሚሉት ቃላትም በአራማይክ በኩል እንደገቡ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። መቼ፣ በማን አፍ፣ በምን መንገድ ገቡ? ይኼ ገና ያላለቀ ክርክር ነው። እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ «ምጽዋት» ላይ ተቀምጬ አሳልፌያለሁ፤ አይቆጨኝም።

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን የሴሚናር ጽሑፌን የጀመርኩት «ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ 800 ዓመት ተቀምጣለች» ብዬ ነው። ለእኔ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያህል የታወቀ ነገር ነበር። መምህሬ ከጎኑ በእርሳስ ሦስት ጥያቄ ጻፈበት። ማን አለ? መቼ አለ? የት ተጻፈ? ሁለት ሳምንት ኩርፊያ ያዘኝ። አገሬን የናቀ መሰለኝ። እንዲያውም ዕቃዬን ሰብስቤ ልመለስ ሁሉ አስቤ ነበር።

ኋላ ነው የገባኝ። ሰውየው እምነትህን ተው አላለኝም። «የደሴቲቱ መነኮሳት እንዲህ ይላሉ፤ ለመሥዋዕቱ ደም ያገለግል ነበር የሚሉትንም ድንጋይ ያሳያሉ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ አንድም ቃል አይነካም ነበር። እንዲያውም ጥያቄው ያኔ ይጀምራል። ክርስቲያን መነኮሳት ደሴታቸውን ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ ጋር ማያያዝ ለምን አስፈለጋቸው? ይህን ጥያቄ ከእናንተ የተሻለ ማን ይጠይቀዋል? በጀልባ የደረሰ ቱሪስት አይጠይቀውም። «እኛ እኮ እናውቃለን» የሚል ሰውም አይጠይቀውም።

በጣም ያፈርኩት ግን በሌላ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የቀረው በግዕዝ ብቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ኩፋሌም እንዲሁ። ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ላይ የሄኖክ ቁርጥራጭ በአራማይክ፣ የኩፋሌ በዕብራይስጥ ተገኝቷል፤ ቁርጥራጩን አገናኝቶ ለማንበብ ሁሉም ወደ ግዕዙ ይመለሳል። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን የኢትዮጵያዊውን ምሁር የኤፍሬም ይስሐቅን የሄኖክ ትርጉም ስከፍት፣ መሠረት ያደረገው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ብራና የተገኘው ከክብራን ገብርኤል ነው ይላል። ክብራን! ከባሕር ዳር ዳርቻ ቆማችሁ በዓይን የምታዩት ደሴት። ዕድሜዬን ሙሉ ቀረሶ እየበላሁ ሳየው ኖሬ፣ ውስጡ ያለውን የነገረኝ በረዶ የሚጥልበት አገር ያለ መደርደሪያ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ክረምት ለግዕዝ ስጡ። የአብነት መምህር ፈልጉና እግራቸው ሥር ተቀመጡ። ደሴቶቹንም እዩ። ክብራን ሴቶች አይገቡም፤ ሴት ልጆች ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሂዱ። ውጭ ስትሄዱ ሌሎቹ ተማሪዎች የግዕዝን ሰዋስው እንደ አዲስ ይማሩታል፤ የጀርመናዊው ሊቅ የዲልማን ትልቁ መዝገበ ቃላትም ግዕዛችንን የሚፈታው በላቲን ነው። በላቲን! እናንተ ቢያንስ ድምፁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ስለ ቤተ እስራኤል የምትጽፉ ደግሞ ከስሙ ጀምሩ። «ፈላሻ» ስድብ ሆኖ የቆየ ቃል ነው፤ በድሮ ጽሑፎች ርዕስ ላይ ብታዩትም በራሳችሁ አፍ አትድገሙት። እነሱም ኦሪታቸውን ያነበቡት በግዕዝ ነው። በሌላው የአይሁድ ዓለም የማይታወቅ የምንኩስና ሥርዓት ነበራቸው፤ ትውፊታቸው ጅማሬውን ለአባ ሳብራ ይሰጣል። እንግዲህ እዚህ ጣና ደሴቶች ላይ ያሉትን ገዳማት የሚያውቅ ልጅ ያንን ሲያነብ ስንት ነገር ይታየዋል! በዚህ መንገድ የመጀመሪያ ተጓዥ ነን ብላችሁም አታስቡ። የቤተ እስራኤሉ ምሁር ታምራት አማኑኤል እ.ኤ.አ. በ1905 ቤተ እስራኤልን ያጠና ከነበረው አይሁዳዊ ምሁር ከፌትሎቪች ጋር ወደ አውሮፓ ሄደው ፓሪስና ፍሎረንስ ተምረዋል። ተመልሰውም አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መርተዋል።

የወረቀቱን ጣጣ ባጭሩ። የትምህርት ማስረጃችሁን ማስመስከር ካሰባችሁት በላይ ይፈጃል፤ ዛሬውኑ ጀምሩ። ጀርመን አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ቪዛ ስትጠይቁ ግን የመኖሪያ ገንዘብ እንዳላችሁ ማሳየት አለባችሁ። ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ ይኼ ይቀልላችኋል። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው በማዕረጉ አትምረጡ፤ ሥራችሁን አንብቦ የሚያውቅ ይሁን። እኔን ከመረጣችሁም የማመልከቻ ረቂቃችሁን በወረቀት አትማችሁ አምጡልኝ፤ ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔ እምቢ ብሏል። ጣና ቂርቆስን ጠቅሳችሁ ከጀመራችሁ ደግሞ እርሳሴን ቀርጬ ነው የምጠብቃችሁ።