ማረሚያ ቤትን በገለልተኛነት መጎብኘት

ጥያቄ፦ የወንዶች ማረሚያ ቤትን የሚጎበኝ ገለልተኛ ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። አስተዳደሩ ሊያሳየን የፈለገውን ብቻ አይተን እንዳንመለስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቀኑን አታሳውቁ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት (ቁጥር 84)፣ ተቆጣጣሪዎች ሳይታሰብ እንዲገቡ፣ መዝገብ እንዲያዩና እስረኛን ለብቻው እንዲያነጋግሩ ሥልጣን ይሰጣሉ። አቀባበሉና ገለጻው ይቆይ፤ በቀጥታ ወደ ቅጣት ክፍሉ ሂዱ። እናንተ ቢሮ ተቀምጣችሁ ሳለ ቶሎ የሚስተካከለው እሱ ነውና። መዝገቡ ላይ የመግቢያና የመውጫ ቀኑን ተመልከቱ። በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ነጥሎ መዝጋት ከ15 ተከታታይ ቀን ማለፍ የለበትም። በ14ኛው ቀን አውጥቶ በማግስቱ መመለስ አስተዳደሩ ከደንቡ የሚያመልጥበት የታወቀ ዘዴ ስለሆነ ቀናቱን ራሳችሁ ደምሩ።

መኝታ ክፍሉን በሜትር ለኩ። የአውሮፓ የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ መስፈርት በጋራ ክፍል መጸዳጃው ሳይቆጠር ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ነው። ሌሊት መሬት ላይ የሚተኛ ስለመኖሩም ጠይቁ።

የክፍሉን ተጠሪ ብቻ ሰምታችሁ አትውጡ። ከየክፍሉ ብዙ ሰው አነጋግሩ፤ የተጠራው አንድ ብቻ ከሆነ አቤቱታው የማን እንደሆነ ጠባቂው ወዲያው ያውቃል። በሚቀጥለው ጉብኝት እነዚያው ሰዎች የት እንዳሉ አጣሩ።