ከነርስነት ዲግሪ ቀጥሎ ምን እንማር? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ከአጋሮ የቀረበ ጥያቄ፦ ሲስተር፣ በጤና ጣቢያ በዲግሪ ነርስነት አራት ዓመት አገልግያለሁ። ለማስተርስ የኅብረተሰብ ጤና ይሻለኛል ወይስ ነርሲንግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ከትምህርቱ በኋላ የት መሥራት እንደሚሹ ይለዩ። የኅብረተሰብ ጤና፣ ዘርፉ ኤፒዲሚዮሎጂም (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) ሆነ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ በይበልጥ የሚያዘጋጅዎ ለጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለፕሮጀክትና ለጥናት ሥራ ነው። ከሕመምተኛው አልጋ መራቅ ካልፈለጉ የአዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የእናቶች ወይም የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ አለልዎ። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት በዚህ በመጨረሻው ነውና ስለ እርሱ ጥቂት ልበል። ሕመምተኛ ሊብስበት ሲል፣ የደም ግፊቱ ከመውረዱ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የአተነፋፈሱ ፍጥነት ነው፤ ያንን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥሮ፣ ቀደም ሲል ከተመዘገበው ጋር አመሳክሮ፣ ሐኪሙን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀሰቅሰው ነርሱ ነው። ቬንትሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) ሲጮህም ቱቦው በአክታ ተዘግቶ ይሁን ወይስ ተላቅቆ ወዲያው መለየት ያለበት እርሱው ነው። ለዚህ የሠለጠነ ነርስ በእጅጉ ያስፈልገናል።

ይሁን እንጂ ከመመዝገብዎ በፊት ለዘርፉ የሥራ መደብ መኖሩን ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ያረጋግጡ። እኔ ይህን ሳላደርግ ተምሬ ተመልሼ፣ ሁለት ዓመት በቀድሞው መደቤ ላይ ቆይቻለሁ።

አንድ ተሳታፊ፦ ይቅርታ ሲስተር፣ እኛ በጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን መረጃ ስንሰበስብ ያደግን ነን። የኅብረተሰብ ጤናን የቢሮ ሥራ ብቻ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ሌላ ተሳታፊ፦ ፕሮጀክት ሲዘጋ ግን ሥራውም አብሮ ይዘጋል።

መልስ፦ ቤት ለቤት ስለመዞር የተናገረው የወንድሜ አስተያየት እውነት አለው፤ በዚያ ሥራ ልቡ የሚረካ ሰው ይማረው። እኔ የምቃወመው ከተረኛ ሥራ ለመሸሽ ብቻ መማርን ነው።

ጥያቄ፦ የመግቢያ ፈተናው እንዴት ነው?

መልስ፦ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። የቋንቋና የቁጥር ማመዛዘን ይለማመዱ።

ጥያቄ፦ በአጭሩ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ተደጋገመ። የት እንደሚሠሩና ምን እንደሚሹ ካልነገሩኝ ልመልስልዎ አልችልም።

ጥያቄ፦ በግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ ብማርስ?

መልስ፦ ኮሌጁ ለዚያው ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አስቀድመው ያጣሩ። መደቡንም፣ አሁንም እላለሁ፣ በጽሑፍ ይያዙ።