የ1913ቱ ሐምሌት ለምን ሸመገለ?

«እ.ኤ.አ. በ1913 በተሠራው የሼክስፒር ሐምሌት ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ልዑሉ ሐምሌት ሽማግሌ ነው፤ ተዋናይ ጠፍቶ ነው?» ላልከው፦ አይደለም። ልዑሉን የሚጫወተው እንግሊዛዊ ተዋናይ ጆንስተን ፎርብስ-ሮበርትሰን ሲቀረጽ 60 ዓመቱ ነበር። የተፈለገውም እሱው ራሱ ነው።

ሰውዬው የመድረክ ሰው ነው። ሐምሌትን ለንደን ላይሲየም ቴአትር የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን ያኔም 44 ዓመቱ ነበር። በ1913 በድሩሪ ሌን ቴአትር የለንደንን ተመልካች ተሰናበተ። «ሰር» የተባለውም በዚያው ዓመት ነው። የሴሲል ሄፕወርዝ የፊልም ኩባንያ ቶሎ ብሎ በፊልም ባያስቀረው ኖሮ ያ ትወና ዛሬ በወሬ ብቻ ይቀር ነበር። የፊልሙን ቤተ መንግሥት እንኳ እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ባሕር ዳር፣ ሉልወርዝ ላይ ነው የሠሩለት።

አሁን ደግመህ እየውና ከንፈሩን ተከታተል። ድምፁ እንደማይሰማ እያወቀ ግጥሙን ይናገረዋል። እኔ ከሁሉም የምወድለት ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ የድሮ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ይፈጥናሉ፤ ተዋናዩ የሚንቀዠቀዥ ይመስልሃል። እንደዚያ ከሆነብህ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርደው። በተረፈ ዝነኛ ያደረገው ድምፁ ነበርና በዚህ ፊልም ብቻ አትፍረድበት።