ጉድጓዱን ወደ ታች አያስቆፍሩ

ጥያቄው የመጣው ቃሊቲ አካባቢ ግቢ ከገዙ አንባቢ ነው። ግቢው ቀድሞ የቀለም ማምረቻ ነበር፤ እሳቸው ብሎኬት ሊያመርቱበት አስበዋል። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ 18 ሜትር ይሆናል። ውሃው ቲነር ቲነር ይሸታል። ያማከሩት ቆፋሪ «ሌላ 40 ሜትር ብንወርድ ንጹህ ውሃ አለ» ብሏቸዋል። የላይኛውን አፈር ጠርገው ሌላ ሊሞሉም ያስባሉ። «ውሃውንስ ክሎሪን አይበቃውም?» ይላሉ።

አይበቃውም። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ቲነር አያወጣም። ማፍላትም አይሆንም፤ ትነቱ እርስዎ ወደሚተነፍሱት አየር ይገባል፣ እሳትም ሊይዝ ይችላል። ውሃውን ለመጠጥ፣ ለምግብና ለገላ መጠቀም ዛሬውኑ ያቁሙ። እባክዎ፣ ፓምፕ ቢወድቅ እንኳ ማንም ጉድጓዱ ውስጥ አይውረድ። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። የወረደው ሰው ራሱን ይስታል፤ ሊያወጣው የሚገባውም እንዲሁ።

የቆፋሪው ምክር ግን ከሁሉም በላይ አስፈርቶኛል። ቲነር ውስጥ የሚገኙት ቶሉይንና ዛይሊን ከውሃ ስለሚቀሉ አናቱ ላይ ይንሳፈፋሉ። ፋብሪካው ቅባት ለማጠብ ትራይክሎሮኢታይሊን ተጠቅሞ ከነበረ ነገሩ ሌላ ነው። የዚህ 1 ሊትር ወደ 1.46 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ውሃውን አልፎ ይወርዳል፤ የሚይዘው ጥብቅ የሸክላ ንጣፍ ካገኘ ብቻ ይቆማል። ያንን ንጣፍ በመቆፈሪያ ከበሱት መንገዱን ራስዎ ከፈቱለት ማለት ነው። አሜሪካ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከዚህ ኬሚካል የምትፈቅደው ቢበዛ በሊትር 5 ማይክሮ ግራም ነው። በዚህ ሂሳብ 1 ሊትር ብቻ ወደ 290 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ያበላሻል። የእናንተ አካባቢ አለት የተሰነጣጠቀ ባዛልት ነው፤ በስንጥቁ የገባውን ማን ይከተለዋል? አዲስ አበባ የምትጠጣው የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃም ከዚያው አካባቢ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደፈሰሰና የት እንደፈሰሰ ይወቁ። የድሮ ሠራተኞችን ይፈልጉ፤ በርሜሉ የት ይቀመጥ ነበር? ዕቃው የት ይታጠብ ነበር? ከዚያ በሃይድሮጂኦሎጂስት (የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ) መሪነት ቢያንስ 3 ቀጫጭን መመልከቻ ጉድጓዶች በሦስት ማዕዘን ይቆፈሩ። የውሃቸው ከፍታ ሲነጻጸር ውሃው ወደየት እንደሚሄድ ይታወቃል። ናሙናው በ40 ሚሊ ሊትር የመስታወት ብልቃጥ፣ አረፋ ሳይቀርበት እስከ አፉ ተሞልቶ በበረዶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በሃይላንድ ላስቲክ የተላከ ናሙና ትነቱ ስለሚያመልጥ በውጤቱ አይመኑ።

አፈሩን በተመለከተ፣ መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ፈሳሹ በስንጥቁ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል የላዩን ብቻ መጥረግ ገንዘብ ማባከን ነው። ትነቱን በቧንቧ መምጠጥ አሸዋማ መሬት ላይ ጥሩ ይሠራል፤ መረሬ ላይ ግን አየር አያልፍም። በርሜሉ የነበረበት ቦታ ብክለቱ ጥልቅ ካልሆነ ማውጣቱ ይሻላል። የወጣውን አፈር በወፍራም ላስቲክ ላይ አድርገው ይሸፍኑት። ለሙሌት ለማንም አይስጡ፤ የሌላ ሰው ጉድጓድ ይበክላል።

ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀዳል። የተረፈውን ቶሉይንና ዛይሊን አየር ሲያገኙ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ይህ ግን በወራት አያልቅም፤ ለዓመታት ክትትል ይዘጋጁ።

አንድም አካፋ አፈር ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የግዢ ውሉን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ራሱ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ደንግጓል። አፈሩን አንስተው ከሞሉት በኋላ ግን ብክለቱ የማን እንደነበር ማስረዳት ይከብድዎታል።